የአሰለፈች ፋኖስና የእኔ ዳንቴል

ቅናት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በሰው ቀንቼ አላውቅም። በአሰለፈች ካልሆነ በቀር።

አሰለፈች ጎረቤቴ ናት። እሪ በከንቱ ሰፈር ግድግዳ ተጋርተን ነው የኖርነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» የምለው ከራሴ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። የልጇን ሠርግ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቪዲዮውን በከፈተች ቁጥር በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ሙሽራው ሲገባ የሚዘፈነውን አሁን ብትጠይቁኝ ከነጭብጨባው እወጣዋለሁ።

ደግ ሴት ናት። ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ስሟን ጠርቼ እጸልይባት ነበር። በደግ ሰው ላይ ምን ተብሎ ይጸለያል?

ነገሩ የቆየ ነው። የመጨረሻ ልጄን ሊዲያን የወለድኳት እዚሁ ቤት ነው። መሸት ሲል ምጡ ድንገት መጣ። መብራት ጠፍቷል። ታክሲ ሊፈልግ የወጣው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ይዞ የተመለሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ለማዋለድ የመጡት ሴትዮ «በጨለማ ምን ላድርግ?» ሲሉ አሰለፈች ፋኖስ ይዛ ገባች። ከራሴ በላይ አንጠልጥላ ያዘች። ክንዷ እስኪዝል ያዘች። ልጄ በዚያ ብርሃን ተወለደች። እግዚአብሔር ይስጣት።

እኔ በዚህ ዘግቼው ነበር። እሷ ግን አልዘጋችውም።

ሊዲያ ክርስትና ስትነሳ «ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። ሊዲያ ትምህርት ቤት ስትገባም ለአስተማሪዋ ነገረች። ልጄ ተመርቃ ካባዋን ለብሳ ፎቶ ስትነሳ ደግሞ ለፎቶ አንሺው ነገረችው። ፎቶ አንሺውም ነገሩ ልቡን ነካውና አሰለፈችን መሐል አደረጋት። እኔ ጥግ ላይ ነኝ። ፎቶው ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር አመሰግናለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ደግሞ የሆነ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኛል። እናንተው ፍረዱ፤ ፋኖሱን የያዘችው እሷ ናት፤ ያማጥኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን የሚያነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

እንግዲህ ወደቀናሁበት ሶላር ልምጣ።

የማርያም ማኅበር አለን። በየወሩ በሃያ አንድ ተራ በተራ እየደገስን እንሰበሰባለን። ባለፈው ዓመት የአሰለፈች ተራ ደርሶ፣ ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ እሷ ብድግ አለች።

«እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

ፋኖሱን ልታነሳ ነው ብዬ ዳቦዬን ነከስኩ።

ፋኖሱ አልነበረም። የተወለደችበት አገር ከዋናው መንገድ ርቆ ቆላ ውስጥ ነው። እዚያ ጤና ጣቢያ ተሠርቷል፤ መብራት ግን አልገባም። አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን የምትባል ወጣት ናት። ሲጨልም ምጥ የያዛት ሴት ከመጣች የእጅ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ በስልኩ ብርሃን ታዋልዳለች። ስልኩ ሲዘጋ በዳበሳ ነው።

በጥርሷ ነክሳ! ጠላ የያዘች ሁሉ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አማቼ ደግሞ ቸርችል ጎዳና ያለ ሆቴል ጥገና ክፍል ነው የሚሠራው» ብላ ቀጠለች አሰለፈች። «ሆቴሉ ጣራው ላይ የነበሩትን ሶላሮች በአዲስ ለወጠ። አሮጌዎቹ ጉልበታቸው ትንሽ ቢቀንስ ነው እንጂ አልተበላሹም። ለሆቴል አይበቁም፤ ለአምፖል ግን ይተርፋሉ። ሄጄ ለመንኩ። ሁለት ሰጡኝ። አገሬ ልልካቸው ነው። እናንተ ባትሪና ማጓጓዣውን ብታግዙኝ።»

የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችንን እንዲያ ነው የምንላቸው፣ እትዬ በላይነሽ ናቸው። አለቀሱ። ሌሎቹም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እነሱ በደስታ ነው። እኔም በደስታ ነው እንበል።

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ዘርግተው «አሰለፈች፣ እንዳበራሽ ይብራልሽ» ብለው መረቋት።

አሰለፈች አንገቷን ሰበር አድርጋ «አሜን» አለች። ቀጥላም፣ «ድሮስ የሊዲያን ፋኖስ የያዝኩት እኔ አይደለሁ?»

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ቀንቻለሁ።»

«በማን ትዳር?»

«በትዳር አይደለም።»

«በማን ሀብት?»

«በሀብትም አይደለም። በሶላር።»

«ይሄ ጣራ ላይ የሚያደርጉት፣ በፀሐይ የሚሠራው?»

«አዎ፣ አባ። አሮጌ ነው ደግሞ።»

«ገዝታው ነው?»

«ለምና ነው። ለጤና ጣቢያ ልትሰጠው።»

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ስለመጸወተች ነው የቀናሽው?»

«ቀድማኝ ስለመጸወተች ነው፣ አባ።»

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ ረጋ ብለው ስግደት አዘዙኝ። ልነሳ ስል «አንቺም ስጪ እንጂ። ማን ከለከለሽ?» አሉ።

እሳቸው ይህን ያሉት በየዋህነት ነው። እኔ ግን እንደ ክተት አዋጅ ነው የሰማሁት።

ነጠላዬን አጣፍቼ ፒያሳ ወጣሁ። ፒያሳ ደግሞ ዛሬ ሰው መንገድ የሚጠይቅበት ሆኗል። እኔ እዚህ አርጅቼ፣ የማውቀው ሱቅ ጋ ደረስኩ ብዬ ቀና ስል ፈርሶ አበባ ተተክሎበት አገኛለሁ። የተረፉትን በር በር እየቆምኩ ጠየቅሁ። መነጽር ቤት ጠየቅሁ። ፎቶ ቤት ጠየቅሁ። ወርቅ ቤትም ገባሁ።

«ልጄ፣ የማትፈልጉት አሮጌ ሶላር አላችሁ?»

ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ጎረምሳ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ማዘር፣ እኛ ጋ ያለው ወርቅ ነው። እሱም ያበራል፤ ገመድ ብቻ ነው የሌለው።»

አልተቀየምኩም። አራዳ ውስጥ ተወልዶ በዚህ የሚቀየም ሰው ከቤት ባይወጣ ይሻለዋል።

በመጨረሻ አንድ ኬክ ቤት ደረስኩ። ሊዲያ ልጅ ሳለች ከቅዳሴ መልስ ብስኩት የምገዛላት እዚያ ነበር። ወደ ሌላ ሰፈር ሊዛወሩ ዕቃ እያወጡ ነው። ጓዳ ድረስ ዘልቄ ገባሁ። ቶርታ የሚቀዘቅዝበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ፤ ገመድ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ሶላር ነው! ባለቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ክሬም እየተበላሸበት ጣራው ላይ ሰቅሎት ኖሯል። ጄኔሬተር ሲገዛ አወረደውና ሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ ቶርታ ደረደረበት።

«ይህን ጠረጴዛ ስጠኝ» አልኩት።

«ለምንዎ?»

«ለነፍሴ።»

ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። ጠርዙ ላይ ክሬም ደርቆ ጉንዳን ሠፍሮበታል። ጉንዳኖቹንም አብሮ ሰጠኝ።

ሊዲያ ባንክ ነው የምትሠራው። በምሳ ሰዓቷ ስልክ ደውዬ ጠራኋት። የቢሮ ጫማዋን እንዳደረገች መጣችና አንዱን ጫፍ ያዘች፤ ሌላውን እኔ። ቁልቁለቱን ወደ ሰፈራችን ተያያዝነው። ሶላር ሲያዩት ቀጭን ነው። ሲይዙት ግን የሆቴል በር ነው።

ፒያሳ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ መንገድ የለውም።

«ማዘር፣ ቲቪው እንዲህ የከሳው ጾም ይዞ ነው?» አለ አንዱ ጫማ አሳማሪ።

«ቲቪ አይደለም፣ ስልክ ነው» አለ አጠገቡ ያለው። «ከሩቅ ለሚያዩ ሰዎች የወጣ ነው።»

የታክሲ ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ፣ «እናቴ! ፀሐይዋን ከነመስኮቷ ነቅለው ወዴት ነው? ለእኛም ተዉልን እንጂ!»

ሊዲያ ፊቷን በሶላሩ ከለለች። እኔ ግን ቀና ብዬ ነው የሄድኩት። በልቤ እየጸለይኩ ነበር። አሰለፈች በሯ ላይ ቆማ እንድታየኝ። ጸሎቴ ተሰማ። በሯ ላይ ነበረች።

«ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ሶላር ነው።»

«ለማን?»

«ለአገርሽ።»

ሮጣ መጥታ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የእኔን አይተሽ ነው አይደል የተነሳሳሽው?»

የሰገድኩት ስግደት ሁሉ እዚያው በር ላይ ቀረ።

ሶላሮቹን ጭኖ ሄዶ የሚሰቅል ባለሙያ አገኘን። ጋሽ ግርማ ይባላሉ፤ አፍንጮ በር አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። ግቢያችን መጥተው ሦስቱንም ፀሐይ ላይ ዘረጉና በተራ አምፖል አበሩባቸው። የእኔ ክሬሙ ታጥቦለት ያብለጨልጫል።

«አርጅቷል እንጂ አልሞተም» አሉ። «እንደ እኛው ነው።»

«ከአሰለፈች ይበልጣል?»

«ከወይዘሮ አሰለፈች?»

«ከሶላሯ።»

«እኩል ናቸው፣ እትዬ።»

እኩል! ይህን ለመስማት ነው እስከ ፒያሳ የወጣሁት?

«ማዋለጃው ክፍል የሚገባው የማን ነው?» አልኩ።

«የማንም ቢሆን ያው ነው።»

«ያው ከሆነ የእኔ ይሁን።»

አሰለፈች ቀና ብላ አየችኝ። «ይሁንላት» አለች። «የእኔ አንዱ መድኃኒት ክፍሉ፣ አንዱ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ክፍል ይሁን። አምፖል አምፖል ነው።» አያችሁ? ተሸንፋ እንኳ ታሸንፈኛለች።

ጋሽ ግርማ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ አንድ ነገር ተናገሩ። የመከራዬ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። «አገሩ ደረቅ ነው» አሉ። «የሶላር ጠላቱ ደግሞ አቧራ ነው። ከአቧራ ይጠብቁት በሏቸው።»

አቧራ! ለእኔ ነው ስለ አቧራ የሚነገረው?

በእኔ ቤት ያልተሸፈነ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ፍሪጁ ዳንቴል አለው። ሶፋው መደገፊያው ላይ፣ መቀመጫው ላይ፣ ክንዱ ላይ አለው። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ እንደተገዛ ከነፌስታሉ ነው፤ ቁጥሩ ባይታይም ጣቴ ያውቀዋል። ሊዲያ «እማዬ፣ እኔም ብዙ ቆሜ ብቆይ ታለብሽኛለሽ» ትለኛለች። ትሳቅ። እንግዳ መጥቶ ጨርቁን ሲገልጠው ዕቃው ዛሬ የተገዛ ይመስላል።

ስለዚህ ኪሮሼን አነሳሁ። መሐሉ ላይ መስቀል ሠራሁ፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ። ጠርዙን ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ማንም አይችለውም። ዳንቴል ቀዳዳ አለው፤ አቧራ ያሳልፋል። ስለዚህ ከሥሩ ነጭ አቡጀዴ ገበርኩለት፤ ያውም ድርብ። ነፋስ እንዳይገልጠው ዙሪያውን ላስቲክ አስገባሁበት። አብዛኛውን ቋጠሮ በጸሎት ነው የቋጠርኩት። አንዳንዱን አሰለፈችን እያሰብኩ ነው። እነዚያ ጠበቅ ብለዋል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ሊዲያ አንድ ማታ።

«ልብስ።»

«ለማን?»

«ለድኻ።»

ግንባሬን ሳመችኝ። ይህን ሁሉ የማወራው ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብትጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ዳንቴሉን በከረጢት አድርጌ «ለጤና ጣቢያው ዘበኛ ይስጡልኝ» ብዬ ለጋሽ ግርማ ሰጠኋቸው። ብርድ ልብስ መስሏቸው ተቀበሉኝ። ሄዱ፤ ሰቀሉ። ሦስቱም ክፍል ሲበራ በስልክ አሳዩንና ማኅበሩ በሙሉ እልል አለ። ቁጥሩን ከጋሽ ግርማ ተቀብዬ ነበርና፣ እሳቸው ተመልሰው መንገድ ከገቡ በኋላ እኔ ለዘበኛው ደወልኩ።

«ልጄ፣ ከረጢቱ ደረሰህ?»

«ደረሰኝ፣ እናቴ። መስቀል አለበት እኮ!»

«አዎ። ጣራ ላይ ውጣና የማዋለጃውን ሶላር አልብስልኝ። ከአቧራ ይጠብቀዋል።»

«አሁኑኑ!» አለ። እንደዚያ ዘበኛ ታዛዥ ሰው አላየሁም። ምነው ትንሽ ቢሰንፍ ኖሮ።

ጥቂት ቀን በሰላም ኖርኩ። ፎቶው ላይ ጥግ መሆኔንም ረሳሁት። አሰለፈች ፋኖሱን ስታነሳ እኔ ደግሞ «ማዋለጃው የእኔ ነው» እላለሁ። ደስ ይላል፤ ምን ልዋሻችሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሰለፈች በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ስልኳ እጇ ላይ ተከፍቶ ድምፅ ያሰማል።

«የማዋለጃው መብራት እምቢ ብሏል» አለች።

«የእኔ?»

«የአንቺ። የእኔዎቹ ይበራሉ።»

በክፋት አይደለም ያለችው። በክፋት ብትለው ይሻለኝ ነበር።

ስልኩ ውስጥ ያለችው ሲስተር ብርቱካን ነበረች። «መጀመሪያ ሰሞን በርቶ ነበር፤ እየደበዘዘ ሄደና ጠፋ» አለች። «አሁን ምጥ የያዛት ሴት መጥታለች። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ክፍሉ ጨልሟል። ይሄ ስልኬም ሊዘጋ ነው።»

ያቺ ልጅ ስልኳን በጥርሷ ስትነክስ ታየኝ። ማዋለጃውን ለእኔ ካላደረጋችሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ብትሆን ለእግዚአብሔር ምን እላለሁ? ከአሰለፈች ላለማነስ ነው እላለሁ?

ስልኩን ሊዲያ ተቀበለች። እንደ ባንክ ሰው በተራ መጠየቅ ጀመረች።

«ሲስተር፣ ገመዱ ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም።»

«ሶላሩስ ተሰብሯል?»

«እሱን ማየት አልቻልንም።»

«ለምን?»

«ልብሱን ለብሷላ።»

«የምን ልብስ?»

«ከእናንተ የመጣው ነዋ! መስቀል ያለበት። ዘበኛው ማንንም አያስጠጋም። ሊያራግፈው ሲወጣ እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው።»

ሊዲያ ዞረች። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ ፍሪጁን። ከዚያ ሶፋውን። በመጨረሻ እኔን።

«እማዬ፣ ሶላር ዳንቴል አለበስሽ?»

«ለአቧራ ብዬ…»

«እማዬ! ሶላር ፀሐይ ካላየ በምን ይሠራል?»

«ገበር አለው» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

አሰለፈች ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ልደግፋት ጎንበስ ስል ትስቃለች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ወዲያው ግን ከስልኩ ውስጥ የሴት ጩኸት ተሰማ። ሳቁ ተቋረጠ።

«አውልቁት!» አለች ሊዲያ።

ዘበኛው ስልኩ ላይ መጣ። «ያለበሱት እናት ሳይፈቅዱ አላወልቅም» አለ።

ስልኩን ነጠቅኳት። «ልጄ፣ እኔ ነኝ። አውልቀው!»

«አቧራውስ፣ እናቴ?»

«አቧራውን ተወው!»

በዕድሜዬ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ዘበኛው ጣራ ወጥቶ አወለቀ። ግን ምን ዋጋ አለው? ባትሪው ባዶ ነው፣ ሰማዩ ደመና ነው። ቶሎ አይበራም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ማርያም ማርያም እላለሁ። ይሄኔ አሰለፈች ከወለሉ ተነሳች።

«ብርቱካን፣ ስሚኝ። ተራ የሚጠብቁበት ክፍል በርቷል አይደል? ሰዉን አስወጪ። አልጋውን ወደዚያ ውሰዱት። አምፖሉ ሥር አድርጓት። እንዲህ፣ ከራሷ በላይ ይሁን።»

«እንዲህ» ስትል ክንዷን ወደ ላይ አንስታ ነበር። እጇ የሆነ ነገር እንደያዘ ተጨብጧል። ስልኩ ተዘጋ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም። ሳሎኔ መሐል፣ ከተመረቀችው ልጄ ፎቶ ሥር፣ የሌለ ፋኖስ ይዛ ቆመች። ክንዷ ሲዝል አየሁት።

ሄጄ ከታች ደገፍኩላት።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ በዘበኛው ስልክ ተደወለ። ከበስተኋላው እልልታ ይሰማል።

«ተገላገለች!» አለች ሲስተር ብርቱካን። «ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት። ወይዘሮ አሰለፈች፣ መብራትዎ እንደ ቀን ነበር። ልጅቷን መጠቅለያ አጥተን፣ ፎጣው ሁሉ ረጥቦ፣ ዘበኛው ያወለቀውን ዳንቴል አመጣልን። ውጩ አቧራ በአቧራ ነው፤ ውስጡ ግን ነጭ፣ ንጹሕ። ገልብጠን በውስጡ ጠቀለልናት። እንዴት ይሞቃል እባካችሁ!»

«ገበር አለው» አልኩ።

አሁን ለምን እንዳልኩት አውቃለሁ።

«ስሟን ማን አሏት?» አለች ሊዲያ።

«እናትየው መብራቱን ማን ነው የላከልን ብላ ጠየቀችን። ነገርናት። አሰለፈች ብላታለች።»

በዚህ ዘመን ሕፃን ልጅ አሰለፈች ይባላል? ክፍል ውስጥ ሲጠሯት ልጆቹ አይስቁባትም? ይህን አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም። ተመስገን ነው ያልኩት። ከልቤ ነው። ሴትዮዋ ድናለች፣ ልጅቷ ተወልዳለች። በማግስቱ ደመናው ተገፈፈ፤ ማዋለጃውም በራ። እኔ የጨመርኩት ሌላው ሁሉ የእኔው ዕዳ ነው ብዬ ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

የሚቀጥለው የማኅበር ተራ የእኔ ነበር። ጠላው ሲቀዳ አሰለፈች ብድግ አለች። ዳቦዬን ነከስኩ። መብራቱን ተናገረች፣ አልጋው እንዴት እንደወጣ ተናገረች፣ ሕፃኗ በስሟ መጠራቷን ተናገረች። ምርቃቱ ወረደ። ከዚያ ሲስተር ብርቱካን የላከችውን የሕፃኗን ፎቶ በስልኳ ከፍታ ለእትዬ በላይነሽ ሰጠቻቸው።

እትዬ በላይነሽ መነጽራቸውን አደረጉ። «ውይ! ውይ! ይህ ጽጌረዳ የማን እጅ ነው?» አሉ።

አሰለፈች በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «መስቀሉን እዩልኝ!» «ጠርዙን እዩ እንጂ!» «ይህንን ነው ጣራ ላይ ያወጣሽው?» ስለ ስሙ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ ዓይኔን ጠላዬ ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። ትሕትና ነው።

ስልኩ ተመልሶ አሰለፈች ጋ ደረሰ። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። በጣቶቿ ከፍታ አጎላችው። ያጎላችው የልጅቷን ፊት አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ማታ መጣች። ይህን ጊዜ አንኳኳች።

«ይህን ጠርዝ እንዴት ነው የምትቋጥሪው?» አለች ቆም ብላ።

«ምን ሊሆንሽ?»

«ምንም። የሚቀጥለው ልጅ በእኔ ቢጠቀለል ብዬ ነው።»

ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ወዲያው ለየሁት። ስንት ዓመት በገዛ ደረቴ ውስጥ ተሸክሜዋለሁ፤ እንዴት አልለየው? ቀንታለች።

ተመስገን!

ወንበር ሳብኩላት። ከመቀመጫው ላይ ዳንቴሉን ራሱ አነሳሁላት። ኪሮሽና ክር ሰጠኋት። እጇ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፤ ክሩን ታንቀዋለች። እኔ ቀስ ብዬ አሳያታለሁ፤ እሷ ትፈታዋለች፤ እንደገና አሳያታለሁ። የእናቴን ቋጠሮ ልትይዘው ስትል መብራት ድርግም አለ።

«ቆዪ፣ ፋኖሴን ላምጣ» ብላ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

የሊዲያን ስልክ አንስቼ አበራሁ። ከእሷ ራስ በላይ አድርጌ ያዝኩ። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ ፈታችው፤ ጀመረችው። ክንዴ ዛለ። አላወረድኩም። በመጨረሻ ጠርዙ ያዘላት፤ ጠማማ ነው፣ ግን ይዟል። ቀና ብላ ሳቀች።

ይህን ለማንም ላላወራ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ግን ለማንኛውም ይታወቅልኝ፦ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።